የበቃህ ቤት ጓጉንቸር

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ ወጣ። ጡብ ፋብሪካው ጭቃው አልደርቅ ብሎት ተዘጋ። ግንበኛው ሥራ ፈታ፤ አናጢው ሥራ ፈታ፤ ቀለም ቀቢው ሥራ ፈታ። መጠጥ በሕግ ከተከለከለ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ሥራ የፈታው ሰው ግን ይጠጣ ነበር። ምን እንደሚጠጣና ማን እንዳዘጋጀው የሚያውቅ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ አልተነሣም። ከጡብ ፋብሪካው ሠራተኞችም የሞቱ አሉ። አናጢው ከሞት ተረፈ፤ ዓይኑ ግን አልተረፈም። ጨርሶ አልጨለመበትም፤ ሰውን እንደ ጥላ ያያል። ክረምቱ ሲወጣ ከተማው የሞቱትን ቀብሮ ዝም አለ። መጠጥ ክልክል ነውና፣ በመጠጥ ሞተ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር አልተገኘም።

አናጢው የቁልፍ ሠሪው ታናሽ ወንድም ነው።

ቁልፍ ሠሪው ቁጥብ ሰው ነበር። አይጠጣም፤ አያጨስም፤ ነገር አያበዛም። ጠባብ ሱቁ ውስጥ መስኮቱ ሥር የብረት መያዣ ሞርሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ይውላል። ግራኝ ስለሆነ መሣሪያው ሁሉ በግራ በኩል ተደርድሯል። መጠጥ ይከልከል ብለው ማዘጋጃ ቤት ደጅ ከጠኑት ሽማግሌዎች ቀዳሚው እሱ ነበር። አሁን ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ሽማግሌዎቹን እንደገና ጠርቷል። ለምርጫ የቀረበው ሁለት ነገር ነው፦ ወይ ክልከላው ጸንቶ በሻጩ ላይ እስራቱ ይጨመር፣ ወይ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች በቁጥጥርና በሚቻል ግብር ይከፈቱ። ሽማግሌዎቹን ወክሎ የሚናገረው ቁልፍ ሠሪው ነው፤ እሱ ያለው ይሆናል። እሱ ደግሞ ልቡ ቆርጧል። የወንድሙን ዓይን ያጠፋውን ሰው አሥር ዓመት ሊያሳስረው ነው።

በስብሰባው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ከክሊኒክ የወንድሙን የዓይን ቅባት ይዞ ሲመለስ ያለ ወቅቱ የመጣው ካፊያ ወደ ዶፍ ተለወጠበት። ሮጦ ያገኘው ጣሪያ ሥር ተጠለለ። ከተጠለለ በኋላ ነው የት እንደቆመ ያስተዋለው። የበቃህ ቤት ደጃፍ ነበር።

በሩ ላይ አንዲት የዝናብ ልብስ የለበሰች ወጣት ጎንበስ ብላ ጓጉንቸሩን በሚስማር ትጎረጉራለች።

«በሚስማር አይከፈትም» አላት።

ቀና አላለችም። «በምን ይከፈታል?»

«በቁልፉ።»

«ቁልፉ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ዕቃሽን ማውጣት ትችያለሽ ብለው ወረቀት ሰጡኝ፤ ቁልፉ ግን ጠፍቶብናል አሉኝ። በወረቀት ደግሞ በር አይከፈትም።»

ቁልፍ ሠሪው ሊስቅ ትንሽ ቀረው። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የበቃህ።»

በቃህ የባለ መሸታ ቤቱ ቅጽል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። እዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር፤ ሰውየው አንድ ጠጪ ልኩን እንዳገኘ ሲያይ መጥቶ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ይደፋዋል። «በቃህ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ዳኛም ይሁን ጫኝ አውራጅ ብርጭቆው ከተደፋ ኮቱን አንሥቶ ይወጣል። ያኮረፈ ቢኖር እንኳ በማግስቱ ይመለሳል።

ቁልፍ ሠሪው ይህን ልማድ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ብዙ ዓመት ሆነው፤ ወንድሙ ሚስቱ ሞታበት መጠጥ ሲያበዛ፣ ቁልፍ ሠሪው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደዚህ ቤት መጥቶ ነበር። «ከሁለት ብርጭቆ በላይ አትስጠው። እኔም ለበርህ ሌባ የማይደፍረው ጓጉንቸር እሠራልሃለሁ» አለ። በቃህ እሺ አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለአናጢው ሦስተኛ ብርጭቆ ተቀድቶ አያውቅም። ጓጉንቸሩ ግን አልተሠራም። መጀመሪያ ሥራ በዛ፤ ቀጥሎ «ለመሸታ ቤት ጓጉንቸር ሠራ እባላለሁ» ብሎ አፈረ፤ ከዚያ ዓመታት አለፉ። በቃህም አንድ ቀን አንሥቶበት አያውቅም። በመጨረሻ ክልከላው ሲመጣ ማዘጋጃ ቤቱ ለዚህ በር ጓጉንቸር ሥራ ብሎ አዘዘው። ይኸው አሁን ልጅቱ በሚስማር የምትጎረጉረው ያ ነው።

«ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት አይደል፣ ጋሼ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እንኳንም ዘነበ።»

የመሣሪያ ቦርሳው ከትከሻው አይለይምና ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ጓጉንቸሩ ዝጎ ከማያያዣው ጋር ተጣብቋል። ዘይት ጠብ አደረገበት። «ሞላው እስኪለሰልስ እንጠብቅ። አባትሽ እንዴት ነው?»

«እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። እሱን ላስታምም ነው የመጣሁት፤ ሥራዬ ሌላ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ መድኃኒት ቀማሚ ነኝ። ጣሪያው ያፈሳል ሲሉት ዕቃዬ ሳይበሰብስ አውጪልኝ አለኝ።» ከዚያ፣ «ነገ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት አሉ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እስራቱ ይጨመር ሊሉ?»

«ሌላ ምን ልል ኖሯል? ወንድሜን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። ክሊኒኩ ሰው ሲያንሰው አግዛለሁ። ኪስዎ ያለውን ቅባት የቀመምኩት እኔ ነኝ።»

ቁልፍ ሠሪው ሳያስበው ኪሱን ዳሰሰ። «ዓይኑን አይተሽ ለመጠጥ ጠበቃ ትቆሚያለሽ? ለነገሩ የእንጀራችሁ ነገር ነው።»

ነገሩ ወጋ እንዳደረጋት አየ። ፊቷ ግን አልተለወጠም።

«ለመጠጥ አልቆምኩም፣ ጋሼ። መጠጥ ጉበትን ምን እንደሚያደርገው በየቀኑ አየዋለሁ። ሰው ባይጠጣ ደስታዬ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የሚጠጣው ሰው ካልቀረ፣ ማን ይሽጥለት?»

«ማንም አይሽጥለት። ሕጉ የወጣው ለዚያ ነው።»

«ወጣ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰካራም ከመንገድ ጠፋ። ድሮ ቅዳሜ ማታ እዚህ መንገድ ላይ ዘፈኑ አያስተኛም ነበር።»

«ዘፈኑ ጠፋ። ሰውየውስ?»

ቁልፍ ሠሪው ዓይኑን ወደ ጓጉንቸሩ መለሰ። ሰውየው የት እንደገባ ያውቃልና።

«ጋሼ፣ ከሥሩ እንጀምረው» አለች፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «መጀመሪያ የመጣው ክልከላ አልነበረም፤ ግብሩ ነው። ያስታውሳሉ? በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ፤ በዓመቱ እንደገና እጥፍ።»

«አስታውሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሲወደድበት ይተዋል ብዬ።»

«ጥቂቱ ተወው። አልክድም። መጠነኛ ግብር ሰውን ቆጠብ ያደርጋል፤ ወጣቱንም ያርቃል። ግን ግብር እንደ ጨው ነው። ሲበዛ ሰውየው ሳህኑን ገፍቶ ይነሣል እንጂ ተርቦ አያድርም፤ ሌላ ቤት ሄዶ ይበላል። በጓሮ በር ግብር ያልተከፈለበት ጠርሙስ መግባት ጀመረ፤ ዋጋው የአባባ ግማሽ። አባባ ሙሉ ግብሩን እየከፈለ ባዶ ወንበር ያያል። ማዘጋጃ ቤቱም ግብሩ አራት እጥፍ ሆኖ ሳለ የሰበሰበው ከበፊቱ አነሰ።»

«ታዲያ ለዚያ አይደል የተከለከለው?»

«ለዚያ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ቁልፍ ሠሪው ጓጉንቸሩን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ቢሆንም፣ ነገር ሲፈቱለት እንደ ጓጉንቸር ነው የሚያየው፤ አንዱ ጥርስ ሌላውን እንዴት እንደሚገፋ ይከተላል። የልጅቱ ነገር ጥርሱ ይገጥማል። ይህም አላስደሰተውም። ሰው ሦስት ዓመት ያመነበትን በአንድ ዝናብ መጣል አይወድም።

«አባትሽ የሚሸጠው ቢራና ወይን ነበር» አለ፤ «ያም ቢሆን ቤት አፍርሷል።»

«አፍርሷል። አሁን ግን ቢራ የሚሸጥ ሰው ያውቃሉ?»

«የለም።»

«ለምን የለም? ቢራ በበርሜል ነው። በርሜል ካፖርት ሥር አይገባም። የሚደበቅ ነገር ትንሽና ኃይለኛ መሆን አለበት። ስለዚህ ሕጉ ቢራ ጠጪውን ጠንካራ መጠጥ አስለመደው። ድሮ ተቀምጦ፣ እያወራ፣ ዳማ እየተጫወተ ይጠጣ የነበረው ሰው አሁን በር ሥር ቆሞ ባንዴ ይገለብጠዋል፤ ፖሊስ ይመጣልና። ሻጩ ደግሞ ትርፍ ሲያምረው በቀለም ማቅጠኛ ይሞላዋል። እኛ ሜታኖል እንለዋለን። ሽታው ከመጠጡ አይለይም። ዓይን የሚያጠፋው እሱ ነው። አባባ ያን ቢያደርግ በማግስቱ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ ይታወቅ ነበር፤ ስሙ በሩ ላይ ተጽፏል። የጨለማው ሻጭ ማን ነው? ወዴት ሄደው ይከሱታል? ከሳሹ ራሱ ሲጠጣ የተገኘ ወንጀለኛ ነው።»

«ስለዚህ እኮ ነው ሻጩን አሥር ዓመት እንሰረው የምለው።»

«እሺ። ሕጉ የወጣ ለት በሩን የዘጋ ማን ነበር?»

«አባትሽ።»

«አባባ ሕግ ይፈራል፤ ዘጋ። ሕግ የማይፈራው ቀረ። አሥር ዓመት ሲያደርጉት ከቀሩትም ፈራ ተባ የሚሉት ይወጣሉ፤ የሚቀረው ዓይን አውጣው ነው። ገበያው ለእሱ ብቻ ይሆናል፤ ዋጋውንም እንደ ልቡ ይጨምራል። እርስዎ የሚቀጡት እየመሰለዎት ተወዳዳሪ እያባረሩለት ነው። ለአንድ ፖሊስ ዝም ማሰኛም ይተርፈዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።»

«አንደበትሽ ከአባትሽ ይብሳል።»

«እሱማ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው።»

በዚህስ ቁልፍ ሠሪው ሳቀ። ወዲያው ተወው።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድምዎን መጠጡን ማን እንደሸጠለት ጠይቄው ነበር። ስሙን አልናገርም አለ፤ ይፈራል። በሩን ብቻ ነገረኝ። የብረት በር ነው አለ። ጓጉንቸሩ የቁልፉን ቀዳዳ የሚሸፍን የነሐስ ቅጠል አለው፤ ቅጠሉ ወደ ላይ አይነሣም፣ ወደ ግራ ይንሸራተታል። ተራው እስኪደርስ በጣቱ ወዲያና ወዲህ ያደርገው ነበር።»

የቁልፍ ሠሪው እጅ ባለበት ቀረ።

ሌላው ቁልፍ ሠሪ ሁሉ ቅጠሉን ከላይ ነው የሚያንጠለጥለው። ወደ ግራ የሚንሸራተት ቅጠል የሚሠራው ግራኙ እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ደግሞ ሁለት ብቻ ሠርቷል፤ አንዱ ለሙከራ ተሠርቶ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለተኛውን መኖ ነጋዴው ገዝቶታል። «ለመኖ መጋዘኔ ነው፤ ሌባ አስቸግሮኛል» ብሎ ነበር። ስለ ዋጋው አልተከራከረም። እስራት ይጨመር ብሎ ከሽማግሌው ሁሉ አብልጦ የሚጮኸው፣ ስብሰባ ላይ ከቁልፍ ሠሪው ጎን የሚቀመጠው መኖ ነጋዴ።

ከቦርሳው ቀጭን ሽቦ መዘዘ። ሽቦውን አስገብቶ አዞረ፤ ጓጉንቸሩ ተከፈተ።

በሩ ሲከፈት የእርጥብ እንጨት ሽታ ወጣ። አንዱ ጥግ ያፈሳል። ሌላው እንዳለ ነው። ረጅሙ ባንኮኒ፣ ከጀርባው የደበዘዘው መስተዋት፣ ጠጠሩ ያልተነሣለት ዳማ። ፀጉር አስተካካዩ ውሸቱን ይተርክባት የነበረችው የመስኮት ዳር ወንበርም አለች። ያቺን ወንበር አይቶ ቁልፍ ሠሪው ዓይኑን አሸሸ። እዚህ ቤት የገባው ጥቂት ቀን ነው፤ ወንድሙን ፍለጋ። ያኔ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠላው የነበረው ሳቅ አሁን ናፈቀው። መብራቱ እስከ መንገዱ ይፈስ ነበር። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደተንገዳገደ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ወንድሙም የት እንዳለ ሁልጊዜ ይታወቅ ነበር።

ባንኮኒው ላይ ብርጭቆዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ሁሉም ተደፍተዋል።

«በመጨረሻው ቀን ነው» አለች ልጅቱ። «ደንበኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱን ደፋውና ወጣ።»

ቁልፍ ሠሪው ዝናቡ ባያባራም ወጥቶ ሄደ።

ሱቁ ሲደርስ ወንድሙ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቅባቱን ቀባው። ከዚያ የሙከራውን ጓጉንቸር ከጠረጴዛው አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

አናጢው ዳሰሰው። ጣቶቹ ዙሪያውን ዞረው ቅጠሉ ላይ ደረሱ፤ ወደ ግራ አንሸራተቱት፤ መለሱት። እንደገና አንሸራተቱት። ከዚያ እንደ ፍም ለቀቀው።

«ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እንግዲያው በሩንም ታውቀዋለህ» አለ አናጢው።

ይህን ሲነጋገሩ ነው መኖ ነጋዴው ዣንጥላውን እያራገፈ የገባው። ሙሉ ፊት፣ ጥሩ ካፖርት፣ ደግ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«እንዴት ዋላችሁ ጎረቤቶቼ? ሌላ አንድ እንደዚያኛው ያለ ጓጉንቸር ትሠራልኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ሁለተኛ መጋዘን ልከፍት አሰብኩ።»

«መኖ ተወደደ እንዴ?» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«ገበያው ደህና ነው። ነገ ደግሞ አደራህን። ጠበቅ አድርገህ ተናገር፤ አሥር ዓመት በል፤ የወንድምህን ዓይን አስብ።» ወደ አናጢው ዞሮ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ ወንድሜ።»

አናጢው ድምፁን ሲሰማ አንገቱን እንደ ኤሊ ወደ ውስጥ ስቦ ነበር። ሰውየው እስኪወጣ አልተነፈሰም።

«እሱ ነው?» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«ፊቱን አላየሁም፤ በሩ ገርበብ ብቻ ነው የሚለው። ድምፁ ግን እሱ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አንተ ሕጉን ያወጣህ ሰው ነህ፤ ሕግ ስጥስ ተገኘሁ ልበልህ?» ወደሚሞቀው ምድጃ ዞረ። «በቃህ ቤት ሁለት ብርጭቆ ነበር፤ ስለምነውም፣ ስሰድበውም ሁለት። እፊቱ ባለቅስም ሁለት። ይኼኛው አንድ ቀን በቃህ ብሎኝ አያውቅም። ጨምር ብቻ ነው።»

በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። ቁልፍ ሠሪው ሦስት ዓመት ካራጁ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ነገር ሲያጨበጭብ ኖሯል። አንዱ የሚያጨበጭበው ለወንድሙ ብሎ ነው፤ ሌላው ለገበያው። ሕጉ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይዟቸዋል፤ የበላው ግን አንዱ ብቻ ነው። ነገሩ አሁን ገባው። ገብቶትም አላረፈ፤ ነገ አዳራሽ ቆሞ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት አለበት። ላለማለት ቢፈልግ ደግሞ ማንም አያስገድደውም። ወንድሙ ግን ጥቂትም ቢሆን ብርሃን ቀርቶለታል፤ ከቀረው ብርሃን ጋር ወደዚያ በር የሚመለስበት ቀን ይመጣል። እግሩ መንገዱን ያውቀዋል።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። መኖ ነጋዴው ከጎኑ ተቀመጠ። ቁልፍ ሠሪው ተነሣ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አለ። «የማውቀው ሥራዬን ነው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት የሸጥኩትን ያህል ጓጉንቸር ሸጬ አላውቅም። ሥራዬ ሰመረ ብዬ ነበር። ለካስ የሚደበቅ ነገር ሲበዛ ነው ቁልፍ ሠሪ የሚበላው። መጠጡን እናጠፋለን ብለን በሩን ብቻ ቀየርነው። የምናውቀውን ሰው አስወጥተን የማናውቀውን አስገባን። ያ የምናውቀው ሰው ብርጭቆ ይደፋ ነበር። የጨለማው ሰው አይደፋም። ወንድሜ ሁለት ብርጭቆ በሚጠጣበት ዘመን በር እየለካ ሣጥን እየገጣጠመ ሠርቶ ያድር ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ የማጎርሰው። ይህን ያመጣው መጠጡ ብቻ አይደለም፤ ድብቅነቱም ነው። ክልከላው ይነሣ። ቤቶቹ በፈቃድ፣ በብርሃን ይከፈቱ። ግብሩም ሰው ሊከፍለው የሚችል ይሁን፤ ወደ ጓሮ የማያስሮጥ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። መኖ ነጋዴው ብድግ አለ። «ሽማግሌያችን እርጅና ተጫጫናቸው መሰል። በወንድማቸው ዓይን ላይ ይቀልዳሉ። እኔ አሥር ዓመት ያንሳል እላለሁ።»

«እሺ፣ አሥራ አምስት ይሁንልህ» አለ ቁልፍ ሠሪው። «አንድ ነገር ብቻ። እዚህ የፖሊስ መኮንን አለ። መጋዘንህን አሁን ይይልህ። ቁልፉን ረስተኸው ከመጣህ አትቸገር፤ ጓጉንቸሩ የኔ ነው፤ እኔ እከፍትልሃለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ማንም አልሳቀም። መኖ ነጋዴው ካፖርቱን ሲያነሣ አንዱ እጅጌ ተገለበጠበት፤ መኮንኑ ከኋላው ተከትሎ ወጣ። መጋዘኑ ውስጥ መኖ ነበረ፤ ከመኖው ጀርባ ደግሞ የቀለም ማቅጠኛ በርሜልና ባዶ ጠርሙሶች።

ክልከላው ተነሣ። ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ሆነ አይባልም። ሰው መጠጣት አልተወም፤ ቅዳሜ ማታ ዘፈኑም ተመለሰ። ግን ጠርሙሱ ያዘጋጀውን ፋብሪካ ስምና ማኅተም ይዞ ይመጣል። ጢሙ ያልወጣ ልጅ ቢገባ ባለቤቱ ያስወጣዋል፤ ካላስወጣው ፈቃዱን ያጣልና። የጓሮው በር ተዘግቶ የቀረው ፖሊስ ስለበዛ አይደለም፤ በብርሃን ጥሩ ቢራ በሚቻል ዋጋ እያለ በጨለማ ተሰልፎ መርዝ የሚገዛ ስላልተገኘ ነው። ግብሩ በየብርጭቆው ቢቀንስም ማዘጋጃ ቤቱ የሰበሰበው ጨመረ፤ ከሱም ለክሊኒኩ የሱስ ሕክምና ክፍል ተሠራለት። አፍ የተዘጋበት ችግር አሁን ይነገራል፤ የሚነገር ችግር ደግሞ ይታከማል። በቀጣዩ ክረምት ዝናቡ እንደ ልማዱ ዘነበ፤ በመጠጥ የተቀበረ ግን አልተሰማም።

ቁልፍ ሠሪው በእነዚያ ሳምንታት ሱቁን ለትእዛዝ ዘግቶ አንድ ሥራ ይሠራ ነበር። የበቃህ ቤት በተከፈተ ቀን ምሽት ሳይሆን ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ወንድሙን በእጁ መርቶታል።

በቃህ ከባንኮኒው ጀርባ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ፣ እግሩን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ተቀምጧል። ልጁ መስተዋቱን ትወለውላለች። አናጢው በእጁ እየፈለገ ሄዶ ራሱ የሠራውን በርጩማ አገኘና ተቀመጠ።

ቁልፍ ሠሪው ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ፈታው። ከባድ የበር ጓጉንቸር ነው፤ ሁለት ቁልፍ አለው። የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ቅጠል አላደረገበትም፤ የሚሸፈን ነገር የለምና።

«ምንድን ነው?» አለ በቃህ።

«የተባለው።»

«የቱ?»

«ሁለት ብርጭቆ ያልንበት።»

በቃህ ጓጉንቸሩን ሳብ አድርጎ ቁልፉን ከተተ፤ አዞረ። ጥርሱ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። መልሶ አዞረ። አንዱን ቁልፍ ኪሱ ከተተ፤ ሌላውን ለልጁ አቀበላት። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አላነሣም።

«ረስተኸዋል ብዬ ነበር።»

«አልረሳሁትም። አፍሬ ነው። ከዚያ ደግሞ በሩን የዘጋሁት እኔው ነኝ። አንተ ቃልህን ጠብቀህ፣ እኔ...»

በቃህ እጁን ሰደድ አድርጎ ከረድፉ አንድ ባዶ ብርጭቆ አነሣና ቁልፍ ሠሪው ፊት ደፋው። ብርጭቆው እንጨቱን ሲነካ ድምፁን የሰማው አናጢ ከልማዱ የተነሣ ከበርጩማው ብድግ አለ።

«አንተ ተቀመጥ፤ ለሱ ነው» አለ በቃህ። ከዚያ ቁልፍ ሠሪውን ቀና ብሎ አየው።

«በቃህ» አለው።